በኩሩ ጣውላ

አናጺው አስረስ ሊፈታው የተነሣው ችግር ሲነገር ቀላል ነው። ሦስት የመጻሕፍት ቁም ሣጥኖች መሥራት ነበረበት፤ ቁም ሣጥኖቹ ግን ቆመው የሚሄዱ አልነበሩም። ተፈታትተው፣ በበቅሎ ተጭነው ከደብረ ታቦር ወደ ጉና ይወጣሉ፤ እዚያም አንድ ዋሻ ውስጥ፣ መዶሻ ጨብጠው በማያውቁ ካህናት እጅ መልሰው ይገጠማሉ። ጭነቱ ደግሞ በአንድ ጉዞ አያልቅም። የትኛው በቅሎ የትኛውን ይዞ ቀድሞ እንደሚደርስ፣ የትኛውስ መንገድ ላይ እንደሚቀር የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ የትኛውም መደርደሪያ በየትኛውም ቁም ሣጥን፣ በጎንና ጎኑ በመሮ በተፈለፈለው በየትኛውም ቦይ ተንሸራትቶ መግባት ነበረበት። ከረዘመ አይገባም፤ ካጠረ ይወድቃል፣ ከነመጽሐፉ።

እንዲህ ያለ ሥራ አስረስ በዕድሜው ሞክሮ አያውቅም። እንደ አባቱና እንደ አገሩ አናጺ ሁሉ፣ ሲሠራ የኖረው እያንዳንዱን እንጨት ለጎረቤቱ እየለካ ነው። በር ሲሠራ በመጀመሪያ መቃኑን ያቆማል፤ በሩን አምጥቶ ይደቅንበታል፤ የጠበቀውን በመላጊያ ይልጋል፤ ደግሞ ይደቅናል፣ ደግሞ ይልጋል። በመጨረሻ በሩ ያለ ድምፅ ይዘጋል። ግን ያ በር ለዚያ መቃን ብቻ የተወለደ ነው። ወስደው ለሌላ ቤት ቢገጥሙት ወይ አይገባም፣ ወይ ይወላልቃል። ባለቤቱ ፈንታነሽ፣ “ያንተ በሮች እንደ ባላገር ሴት ናቸው፤ ካገቡበት ቤት ሌላ አያውቁም” ትለው ነበር። አስረስም ይህን እንደ ምስጋና ነበር የሚቀበለው።

ሥራውን ያመጡለት መሪጌታ ሀብተማርያም ናቸው። የሾላ ሚካኤል መሪጌታ፣ በጉብዝናቸው ወራት ቁም ጸሐፊ የነበሩ፣ ዐይናቸው ሲደክም ብዕሩን ትተው ማስተማሩን የያዙ ሽማግሌ። ጣሊያን ደብረ ታቦርን ከያዘ አራተኛ ዓመቱ ነበር። በየገጠሩ ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ የሚል ወሬ ሲበዛ፣ መሪጌታ የደብሩን መጻሕፍት በገለባ ጭነት ውስጥ እየሸሸጉ፣ ጥቂት በጥቂት ጉና ግርጌ ዋሻ አስገብተዋቸዋል። መጻሕፍቱ እሳቱን አመለጡ፤ ውሃው ግን ያሉበት ድረስ ሄዶ አገኛቸው።

በሚያዝያ አንድ ጠዋት ወደ አስረስ ግቢ መጡና ከጋቢያቸው ውስጥ አንድ ዳዊት አወጡ። ጠርዙን አይጥ በልቶታል፤ መካከሉ ሻግቶ ቅጠሎቹ ተጣብቀዋል። አስረስ መጽሐፉን አወቀው። ልጅ ሳለ ዳዊት የደገመው በእሱ ላይ ነው፤ ሰም የተንጠባጠበበትን ገጽ ራሱ ያስታውሰዋል፣ በእሱ እጅ ነበርና የተንጠባጠበው።

“ዋሻው በክረምት ያለቅሳል፣ ልጄ” አሉ መሪጌታ። “ግድግዳው ላይ ብንሰቅላቸው ውሃው በማኅደራቸው ይወርዳል። መሬት ብናስቀምጣቸው አይጡ አለ። ክረምቱ ሳይገባ ከግድግዳም ከመሬትም የራቀ ማደሪያ ካላገኙ፣ ለመስከረም የምናነበው አይኖረንም።”

“ትልቅ ትልቅ ሣጥን እሠራላችኋለሁ፣ የኔታ።”

“ትልቅ ሣጥን በኬላው ያልፋል?”

አስረስ ዐይኑን ወደ ኬላው መንገድ ወረወረ።

“አየህ? ሲያልፍ ተራ እንጨት የሚመስል፣ ሲደርስ ግን ቁም ሣጥን የሚሆን ነገር ነው የምፈልገው። ማንም የሚገጥመው። ዐይኔ እንደምታየው ነው፤ እኔ እንኳ በዳበሳ የምገጥመው።”

አስረስ እሺ አለ። የሰጡትን ዳዊት ተሳልሞ ሲመልስ ግን እንዴት አድርጎ እንደሚሠራው አያውቅም ነበር።

ለጎንና ጎኑ የሚሆን የዋንዛ ጣውላ ነበረው፤ ከሐሙሲት ገበያ ያስመጣው፣ በጥላ የደረቀ። የቸገረው መደርደሪያው ነበር። ዋንዛ ሁሉ ቢሆን ለበቅሎ ይከብዳል፤ እርጥበት ሲነካውም ይጣመማል። መፍትሔው የተገኘው ካልታሰበ ቦታ፣ ከጣሊያኖቹ ግቢ ነው።

አስረስ ያን ጊዜ ጣሊያኖቹ ለመኮንኖቻቸው ቤት በሚያሠሩበት ግቢ በአናጺነት ይሠራ ነበር። ወድዶ አልገባም፤ ተጠርቶ ነው የገባው። የግቢው አናጺዎች አለቃ ሁሉም ሰው “ማስትሮ” የሚለው አንድ ሸበቶ ጣሊያናዊ ነበር፤ ጥቂት አማርኛ ያውቃል፣ የቀረውን በእጁ ይናገራል። እዚያ ግቢ ነው አስረስ ኮምፖርሳቶ የሚባለውን እንጨት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው። ይህ እንጨት ሲያዩት አንድ ሰፊ ገበታ ይመስላል፤ ጠርዙን ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን እንደ ወረቀት የሳሱ የእንጨት ቅጠሎች አንዱ በሌላው ላይ ተለጥፈው የተሠራ ነው። ቅጠሎቹ ደግሞ ዝም ብለው አልተነባበሩም። የአንዱ ጭረት ወደ ላይ ከሄደ የሚቀጥለው ወደ ጎን ይሄዳል። አንዱ ልጣመም ሲል ሌላው ይይዘዋል። አስረስ ይህን ሲረዳ፣ “ወንድማማች እንዲህ ቢኖር ኖሮ አገር ባልተያዘች” ብሎ ለራሱ ተናገረ፤ ቀላል፣ ሰፊና የማይጣመም እንጨት ማግኘቱ ግን እጅግ ደስ አሰኘው።

አንድ ቀን ከመኪና ሲወርዱ ዝናብ ያገኛቸው ጥቂት ሉሆች ጠርዛቸው ተላጥቶ ከግቢው ጥግ ተጣሉ። አስረስ ሄዶ ማስትሮን ለመነው።

“ለምን?” አለ ማስትሮ።

“ለዶሮ ቤት።”

ማስትሮ ሉሆቹን አየ፤ አስረስን አየ፤ ከዚያ ደረቱን ነፍቶ እንደ ባላባት ተንጎራደደ። “ዶሮ ራስ! ዶሮ ደጃዝማች!” ሲል ግቢው ሁሉ ሳቀ። ሉሆቹን ግን ሰጠው። ሰጥቶም አልቀረ፤ በነጋታው አስረስ እዚያው ግቢ አንዱን ቁራጭ በመጋዝ ሲቆርጥ የላይኛው ቅጠል እንደ ተበጠሰ ገለባ ሲሰነጣጠር አይቶ መጋዙን ከእጁ ቀማው። ኪሱ ውስጥ ያለውን ካራ አወጣ፤ ቀጥ ባለ እንጨት አስደግፎ መስመሩ ላይ አንዴ፣ ሁለቴ ሳበው፤ ሉሁን ገልብጦ በጀርባውም ሳበው። ከዚያ መጋዙን ሰጠው።

“ካራ ፊት። መጋዝ ኋላ። እንጨት አያለቅስም።”

ነገሩ ይህ ነው፤ ካራው የላይኛውን ቅጠል ክሮች አስቀድሞ በጥራት ይበጥሳቸዋል። የመጋዙ ጥርስ ሲመጣ የሚጎትተው ክር አያገኝም። ጠርዙ እንደ ብራና ጠርዝ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። አስረስ ማስትሮን የመጣበትን ሥራ ባይወድለትም፣ ለዚያች ትምህርት ግን እስከ ዛሬ “እግዜር ይስጠው” ሳይል መጋዝ አያነሣም።

ቤቱ ገብቶ የመጀመሪያዋን መደርደሪያ ቆረጠ። ከቦዩ ቢያገባት ሳትጠብቅ ሳትላላ እንደ ቅቤ ተንሸራትታ ገባች። በደስታ ገልብጦ ገልብጦ አያት። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ስሕተቱ የተጀመረው፤ ስሕተቱም ከክፋት ወይም ከስንፍና የመጣ አልነበረም፣ ከደግነት እንጂ። በአገሩ ልማድ የመጀመሪያው እሸት፣ የመጀመሪያው ቅቤ፣ የመጀመሪያው ማር የቤተ ክርስቲያን ነው። በኩር በቤት አይውልም። ታዲያ የዚህ ሁሉ ሥራ መጀመሪያ የሆነችው መደርደሪያ እንዴት እንደ ማንኛውም ቁራጭ ሥራ ቤቱ ውስጥ ትንከባለል? አስረስ ሁለተኛዋን በእሷ ልክ በከሰል አስምሮ ሲያበቃ፣ በኩሯን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ለመሪጌታ ወስዶ አስረከበ። እሳቸውም መርቀው ተቀበሉት።

ሁለተኛዋን ቆረጠ። ሦስተኛዋን በሁለተኛዋ ልክ አሰመረ። አራተኛዋን በሦስተኛዋ። እጁ ላይ ያለችው ሁልጊዜ አሁን የተቆረጠችው ናትና በእሷ ልክ የሚቀጥለውን ማስመር የተፈጥሮ ነገር ሆነበት። እያንዳንዷን ከእናቷ ጋር ደርቦ ያያታል፤ ልዩነት አይታየውም። የቁም ሣጥኖቹን ጣራና ወለልም እንዲሁ አድርጎ ቆረጠ።

ከዚያ ሊገጥም ተነሣ። የፊተኞቹ ገቡ። መካከለኞቹ በግድ ገቡ። የኋለኞቹ አፍንጫቸውን ቦዩ ላይ አሳርፈው አንገባም አሉ።

አስረስ መላጊያውን አነሣ። በለመደው መንገድ ደቅኖ ላገ፤ ደቅኖ ላገ። አንዷ ለመጀመሪያው ቁም ሣጥን ልክ ሆነች፤ ወደ ሁለተኛው ሲወስዳት ግን ከቦዩ አምልጣ ከወለሉ ላይ ጧ አለች። ሌላዋንም እንዲሁ አበላሸ። ሦስተኛዋን ሲያነሣ ፈንታነሽ ከበሩ ቆማ ታየው ነበር።

“ደግሞ ልታገባት ነው?” አለችው።

“ምኗን?”

“እንደ በሮችህ ነዋ፤ ለአንድ ቤት ልትድራት። የኔታ የጠየቁህ እኮ የትም ሄዳ የምታድር ነው።” ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አደረገች። “እንጨቱ ሲያልቅ ጣሊያንህ ለሌላ ዶሮ ቤት ይሰጥህ መሰለህ?”

መላጊያውን አስቀመጠ። የቀረው ያልተነካ አንድ ሉህ ብቻ ነበር፤ ሚያዝያም እያለቀ ነው። መደርደሪያዎቹን ሁሉ ጠፍሮ ተሸከመና ወደ መሪጌታ ሄደ፤ አልቻልኩም ለማለት።

መሪጌታን በደጀ ሰላሙ ጥላ ተቀምጠው አገኛቸው። ሰሙት፤ አልተቆጡም። “በተቆረጡበት ተራ አቁማቸው” አሉት። አስረስ መደርደሪያዎቹን ከደረጃው ግንብ አስደግፎ ጎን ለጎን አቆማቸው። እንኳን እሱ፣ ዐይናቸው የደከመው ሽማግሌ እንኳ አዩት። የአንዷ ራስ ከጎረቤቷ ራስ ጋር እኩል ይመስላል፤ ከፊተኛዋ እስከ ኋለኛዋ ሲታይ ግን ጫፋቸው እንደ ጉና ሸንተረር ሽቅብ ይወጣል። የመጀመሪያዋና የመጨረሻዋ ሲገናኙ አንዲት ጣት ያህል ተበላልጠዋል።

“ይቺን ከየት ቀዳሃት?” አሉ መሪጌታ የመጨረሻዋን እየዳሰሱ።

“ከፊቷ ካለችው።”

“እሷንስ?”

“ከሷ ፊት ካለችው።”

“እናቲቱስ? እናቲቱ የት አለች?”

አስረስ ፊቱን አከከ። “አንቱ ዘንድ ናት፣ የኔታ። በኩር ብዬ የሰጠሁዎት።”

መሪጌታ ጥምጣማቸው እስኪላላ ሳቁ። “አንተ ሰው! ለሚካኤል ልጅ ትሰጣለህ ሲሉህ እናት ሰጠህ?”

ከዚያ አስተማሩት። እኔ እንዲህ ያለውን ማስረዳት መስማት እወዳለሁ፤ ሁለት የማይገናኙ የሚመስሉ ሙያዎች በአንድ ገመድ የተያዙ ሆነው ይገኛሉና። መጽሐፍ ሲገለበጥ፣ አሉ መሪጌታ፣ ከእናቱ መጽሐፍ መገልበጥ ነው ደንቡ። አንድ ጸሐፊ ከእናቱ ሲገለብጥ አንዲት ግድፈት ቢሠራ፣ ያቺ ግድፈት የእሱ ብቻ ናት። ሌላው ግን ከእሱ ቢገለብጥ የእሱን ግድፈት ይወርስና የራሱን ይጨምርበታል፤ ሦስተኛው የሁለቱንም ይወርሳል። እያንዳንዱ ቅጂ አባቱን ይመስላል፣ ሁሉም ግን ከአያታቸው ይርቃሉ። የአስረስም ግድፈት ያው ነበር፤ የከሰሉ መስመር ውፍረት አለው። አስረስ እንዳያሳጥር ፈርቶ ከመስመሩ ውጭ ይቆርጣል። ስለዚህ እያንዳንዷ ልጅ ከእናቷ አንዲት የጤፍ ፍሬ ታህል ትረዝማለች። አንዲት ጤፍ ማንም አያይም። ጤፍ በጤፍ ሲደመር ግን ጣት ሆነ።

“ብራና ስናሰምርስ ምን የምናደርግ ይመስልሃል?” ሲሉ ቀጠሉ። “እያንዳንዱን ገጽ አንለካም። የአንዱን መለኪያ እንይዛለን፤ ቅጠሎቹን ደርበን በዚያ ልክ በወስፌ አንዴ እንበሳቸዋለን። ቀዳዳው ያው ነው፤ መስመሩም በሁሉም ያው ነው። ደግሞ መለካት ደግሞ መሳሳት ነው፣ ልጄ። አንዴ ለክተህ ልኩን አስቀምጠው።”

ገብተው በኩሯን ከነጨርቋ አምጥተው ሰጡት። አስረስ ግን እጁን ሰበሰበ።

“ለቤተ ክርስቲያን የሰጠሁትን እንዴት መልሼ እወስዳለሁ፣ የኔታ?”

“ሳሙኤልን እናቱ ለእግዚአብሔር ስትሰጠው ምን ሆነ? ታጥቆ አገለገለ እንጂ ተጠቅልሎ አልተቀመጠም። ይቺም በኩር ናት፤ አገልግሎቷ ግን አንተ ቤት ነው። መጽሐፍ አይቀመጥባት፤ መላጊያም አይንካት። እናት ሆና ትኑር።” ባረኳትና በእጁ ላይ አኖሯት። “ደግሞ አመስግን። የረዘመ ይታረማል። ፈርተህ ከመስመሩ ውጭ መቁረጥህ ነው ያተረፈህ።”

አስረስ በኩሯን ታቅፎ ወደ ቤቱ ሲወርድ በሐዘን የወጣበትን መንገድ በምስጋና ረገጠው።

ሌላ ነገርም ሲመጣ አስቦ ነበር። የከሰሉ መስመር ውፍረቱ ከሆነ ያሳተው፣ መስመሩን ራሱን ለምን አይተወውም? ወፍራሙን የሥራ ጠረጴዛውን አጸዳና በአንድ ጫፉ ላይ አጭር የወይራ ቁራጭ በሚስማር መታ፤ ይህ የሉሁ ጠርዝ መጥቶ የሚያርፍበት ማቆሚያ ነው። በሌላው ጫፍ፣ ሉሁ ከሥሩ የሚያልፍበት ያህል ከፍ አድርጎ፣ ቀጥ ያለ የዋንዛ እንጨት አጋደመ፤ ይህ ደግሞ ካራውና መጋዙ ተደግፈውት የሚሄዱበት መምሪያ ነው። ከዚያ በኩሯን አምጥቶ ከማቆሚያው አስጠጋ፤ መምሪያውን እስከ ጠርዟ አምጥቶ በሽብልቅ አጠበቀ። በኩሯን አነሣት። የቀረው ባዶ ቦታ ልክ የእሷ ርዝመት ነው!

ደስ የሚለው እዚህ ላይ ነው። ከእንግዲህ አይለካም፣ አያሰምርም። የረዘመችውን መደርደሪያ ወስዶ ከማቆሚያው እስክትጋጭ ይገፋታል፤ በካራ ይስባል፣ ገልብጦ ይስባል፣ በመጋዝ ይቆርጣል። ቀጣይዋን ይገፋል። ሁሉም ልጆች ከአንዲት እናት ይወለዳሉ፤ አያት የለ፣ ቅድመ አያት የለ። አስረስ እያፏጨ ይቆርጥ ነበር። ጣራውንና ወለሉንም እንዲሁ አስተካከለ። በየመካከሉ አንዷን አንሥቶ ከበኩሯ ጋር ያስተያያል፤ እኩል፣ እኩል፣ እኩል። ሲመሽ ያበላሻቸውን ሁለቱን ለመተካት የመጨረሻውን ሉህ አወጣና አንዷን ቆረጠ። ከበኩሯ ጋር አስተያያት። አጥራለች።

በጣቱ ዳሰሳት፤ አላመነም። ጥፍር የማይገባበት ልዩነት ነው፣ ግን አጥራለች። ማቆሚያው አልተነቃነቀም። መምሪያውም አልተነቃነቀም። ከሉሁ የቀረው አንዲት መደርደሪያ ብቻ የሚወጣው ነው፤ አንዷ ጎድላለች፤ ይቺንም ካበላሸ ሦስተኛው ቁም ሣጥን ሁለት መደርደሪያ ጎድሎት ይሄዳል፣ ትልቆቹ መጻሕፍትም መሬት ያድራሉ። ተቀምጦ ራሱን ያዘ።

ፈንታነሽ መጥረጊያ ይዛ ገባች። መኝታ ቤቱ ድረስ እየነፈሰ ያስቸገራትን የእንጨት ዱቄት፣ በጣሊያኖቹ አፍ ሰጋቱራ የሚባለውን፣ እየጠረገች ነገሩን ሁሉ ሰማች። ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ ቆመች።

“ተነሥ እስቲ” አለችው። ጎንበስ ብላ በጥፍሯ ከማቆሚያው ሥር ጫረች። ተጠቅጥቆ የደደረ ሰጋቱራ እንደ ቂጣ ጠርዝ ተላቅቆ ወጣ።

“ወፍጮ ላይ ዱቄት ከጥግ ሲጠቀጠቅ አታይም? ይሄው። እንጨትህ ማቆሚያውን የነካ መሰለህ እንጂ ይሄን ነው የነካው።”

አስረስ ተነሥቶ አየ። እውነቷን ነው፤ ሰጋቱራው ሉሁን ወደ መምሪያው ገፍቶታል፣ በዚያው ልክ መደርደሪያዋ አጥራለች።

“በየጊዜው እጠርጋለሁ” አለ።

“ትረሳለህ።”

“አልረሳም።”

“አንተ? ጫማህን የት እንዳወለቅህ የምትረሳው? ይልቅ ቦታ ስጠው። የሚሄድበት ካጣ የት ይሂድ?”

አስረስ መሮውን አንሥቶ የማቆሚያውን የታችኛውን ከንፈር በሰያፍ ፈለጠው። አሁን ሉሁ የሚነካው የላይኛውን ግንባር ብቻ ነው፤ ሰጋቱራው ከሥሩ ባለው ክፍት ይገባል፣ ሥራውን አይነካም። የመጨረሻዋን ቆረጠ። ከበኩሯ ጋር አስተያያት፤ ዐይኑን ጨፍኖ ጠርዛቸውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። የትኛዋ የቷ እንደሆነች አላወቀም።

“ፈንቴ” አለ፣ “እግዜር ይስጥልኝ።”

“አሜን። ያጠረችውን ደግሞ ለእኔ ስጠኝ።” ያጠረችው ጎዶሏን ሳታሞላ ቀረች፤ መሪጌታም አንዲት መደርደሪያ ብትጎድል መጻሕፍቱ ተጠጋግተው ያድራሉ አሉ። እሷና በመላጊያ የተበላሹት ሁለቱ ፈንታነሽ ዘንድ የዶሮ ቤት ሆኑ፤ በዚህም አስረስ ለማስትሮ የነገረው ቃል ከፊሉ እውነት ሆነለት።

ጭነቱን የወሰደው ደምሴ ነው፤ ከጉና ገብስና ድንች እያወረደ የሚሸጥ፣ ነገር ሲያወራ ጨው የማያጣ ባለበቅሎ። ግማሹን ግንቦት መግቢያ ላይ፣ ግማሹን ከዚያ በኋላ ወሰደ። አስረስ ከግቢው ሥራ ሊቀር ስለማይችል አብሮ አልሄደም። ሌሎች ሲገጥሙት ማየት አለመቻል ለአናጺ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቃል። ደምሴ እስኪመለስ ድረስ አስረስ በሕልሙ እንኳ ከቦይ የሚያመልጥ መደርደሪያ ነበር የሚያየው።

አንድ ከሰዓት በኋላ የበቅሎ ኮቴ ተሰማ።

“አያ አስረስ! ቤቶች!”

“ግባ። ንገረኝ።”

“እንዴት ዋልህም የለም?”

“ደምሴ!”

ደምሴ አረፍ ብሎ ተቀመጠ፤ ጠላ እስኪቀዳለት ጠበቀ። “ኬላው ላይ የአልጋ ርብራብ ነው አልኩ። ወታደሩ፣ ‘ይሄ ሁሉ አልጋ ለማን ነው?’ አለኝ። አማቾቼ ብዙ ናቸው ስለው አዝኖልኝ አሳለፈኝ። ጅረቱ ላይ ግን አንዷ በቅሎ ተንሸራታ ጭነቱ ተበተነ፤ አንሥተን እንደ ሆነ ሆነን ጫንን። የትኛው የትኛው እንደሆነ እኔ አላውቅ፣ እነሱ አያውቁ። ተምታታ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ የኔታ ቀደም ብለው ወጥተው ነበር። ‘ማንም አይንካ’ አሉና ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ከክምሩ የመጣላቸውን እያነሡ ማስገባት ጀመሩ። አንዱን አስገቡ። ሁለተኛውን አስገቡ…” ጠላውን ጠጣ። “አንዱ ብቻ አልገባም አለ።”

አስረስ ብድግ አለ። “የትኛው? ስንተኛው ቁም ሣጥን ላይ?”

“መደርደሪያ አይደለም። እዚያ ያሉት ወፍራሙ ቄስ ናቸው። የዋሻው በር ላይ ሆዳቸው ያዛቸው።”

ፈንታነሽ ጓዳ ሆና ስትስቅ ተሰማ። አስረስ ግን አልሳቀም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አማተበ።

“ሁሉም ገባ፣ አያ አስረስ” አለ ደምሴ፣ አሁን በለሰለሰ ድምፅ። “ዳዊቱም ከላይ ተቀምጧል። የኔታ እንድነግርህ ያሉኝ፣ ‘ጎዶሏን ቦታ አየሁ፤ አልጎደለችብኝም’ ነው።”

ይህ ከሆነ ወዲህ እነሆ ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ጠንክሯል። መጻሕፍቱ ደርቀው ነው ያሉት፤ መደርደሪያዎቹም እንደ ጸኑ ናቸው። ባለፈው ሳምንት ደምሴ ይዞት የመጣው ወሬ ግን አስረስን ሌላ ሥራ ላይ ጥሎታል። ከታች ያለው የኮምፖርሳቶው ጠርዝ የዋሻውን እርጥበት እየጠጣ ማበጥ ጀምሯል፤ የታችኛዎቹ መደርደሪያዎች ከቦያቸው አልወጣ እያሉ ነው። ዘንድሮ ያበጠ ለከርሞ ይላጣል። አስረስ አሁን የሚሞክረው ያን ጠርዝ ውሃ እንዳይጠጣ የሚያደርግበትን መንገድ ማግኘት ነው።

ከተረፈው ቁርጥራጭ በአንድ ማቆሚያና በአንድ መምሪያ እኩል የሆኑ ዘንጎች ቆርጧል። አንዱን ጠርዝ ምንም አልቀባውም። አንዱን የተልባ ዘይት አጠጣው። አንዱን የቀለጠ ሰም፣ አንዱን ሁለቱን አደባልቆ ቀባው። ሁሉንም እርጥብ ገለባ በሞላ ገንቦ ውስጥ አቁሟቸዋል። ሁሉም ከአንዲት እናት የወጡ እኩል ልጆች ስለሆኑ፣ አንዱ ከሌላው ቢያብጥ ጥፋቱ የመጋዙ አይደለም፤ የቅባቱ ነው። ይህን ያህል ርግጠኛ ሆኖ የሚጠይቀው ጥያቄ በሕይወቱ አግኝቶ አያውቅም፤ ስለዚህም ገንቦውን በከፈተ ቁጥር ማስትሮን፣ መሪጌታን፣ ፈንታነሽን በየስማቸው ያመሰግናል።

ዛሬ ጠዋትም ዝናቡ ጋብ ሲል ገንቦውን ከፈተ። ሰም የተቀባውን ዘንግ አወጣ፤ በጋቢው ጫፍ አበሰው፤ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥላ በደረቁ የኖረችውን በኩሯን አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አጋደማትና ዘንጉን ከጎኗ አስጠጋ። ጎንበስ ብሎ፣ ዘንጉ አብጦ እንደሆነ ለማወቅ ጠርዛቸውን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ነው።